ከራት ግብዣ አዘጋጅነት ወደ ትልልቅ ለጋሾች ሥራ

ከሲልቨር ስፕሪንግ ለጻፍሽልን እህታችን፣

ሌላውም አንባቢ እንዲከተለን ደብዳቤሽን ባጭሩ ላስቀድም። ዋሽንግተን አካባቢ በሚገኝ አነስተኛ በጎ አድራጎት ድርጅት 7 ዓመት ሠርተሻል። ዓመታዊውን የራት ግብዣ የምታሰናጂው አንቺ ነሽ፤ በታኅሣሥ የሚላከውን የድጋፍ መጠየቂያ ደብዳቤ የምትጽፊውም አንቺው። አሁን አንድ የሕፃናት ሆስፒታል ፋውንዴሽን የ«ሜጀር ጊፍት»፣ ማለትም የትልልቅ ስጦታ፣ ዳይሬክተር እፈልጋለሁ ብሎ ማስታወቂያ አውጥቷል። መስፈርቱ «100,000 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ስጦታ በግል ጠይቆ ያስገኘ» ይላል። አንቺ ፊት ለፊት ጠይቀሽ ያገኘሽው ትልቁ 10,000 ዶላር ነው። ላመልክት ወይ? የጎደለኝን በምን ልሙላ? ገንዘብ ስጠይቅ የሚይዘኝን ይሉኝታስ ምን ላድርገው? ብለሻል።

ለዳይሬክተርነቱ አታመልክቺ። ለዚያው ፋውንዴሽን ግን ጻፊ፤ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ላለው የሜጀር ጊፍት ኦፊሰር ቦታ።

ዳይሬክተሯ የራሷን 40 ወይም 50 ለጋሾች እየያዘች የአራት አምስት ኦፊሰሮችን ሥራ ትመራለች። አንዱ መጥቶ «ሰውየው ስልኬን ማንሳት አቆመ» ሲላት ምክንያቱን መለየት አለባት። የተጠየቀው ገንዘብ በዛበት? ባለቤቱ ሳትሰማ ነው የተጠየቀው? አምና ለሰጠው ስጦታ ምስጋና ሳይደርሰው ቀረ? ይህን ጥያቄ በትክክል የሚጠይቅ ሰው ራሱ በትልልቅ ገንዘብ ላይ «አይሆንም» የተባለ ሰው ነው። ሌላው የጊዜ ነገር ነው። ከመጀመሪያው ትውውቅ እስከ 100,000 ዶላር ፊርማ ድረስ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 24 ወር ይሄዳል። ቦርዱ ግን የመጀመሪያውን በጀት ዓመት ቁጥር ማየት ይፈልጋል። ልምዱ ሳይኖራት ዳይሬክተር የሆነች ሴት ያ ቁጥር ሲያስጨንቃት ያልበሰለውን ለጋሽ ቸኩላ ትጠይቃለች፤ ትንሽ ተሰጥቷት በሩ ይዘጋል፤ በሁለተኛው ዓመት እሷም ትሰናበታለች።

ሥራው ከራት ግብዣ ዝግጅት በምን እንደሚለይ በቁጥር ልንገርሽ። አንድ ሙሉ ጊዜ ኦፊሰር ከ100 እስከ 150 ስም ያለበት ዝርዝር ይሰጠዋል፤ እነሱ ፖርትፎሊዮ ይሉታል። በዓመቱ ውስጥ በትክክል የሚጠየቁት ከ25 እስከ 30 የሚሆኑት ናቸው። በወር ከ12 እስከ 15 ቁም ነገር ያለው ግንኙነት ይጠበቃል፤ «እንደምን ሰነበቱ» የሚል ኢሜይል አይቆጠርም። ስሙ በዝርዝሩ የሚቆየው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው፦ አቅም፣ ለሆስፒታሉ ያለው ስሜት፣ እና ወደ እሱ የሚያስገባ ሰው። ጀማሪ አቅምን ብቻ አይቶ ይሳሳታል። ፖቶማክ ውስጥ የ4 ሚሊዮን ዶላር ቤት ያለው ሰው ልጁ እዚያ ሆስፒታል ታክሞ ካላወቀ፣ ቦርድ ላይም የሚያውቀው ሰው ከሌለ፣ ለአንቺ ቤቱ ቤት ብቻ ነው።

ስለ ሰዎች አቅም ሲጠና የንብረት መዝገብና የኩባንያ ኃላፊዎች የአክሲዮን ሪፖርት በይፋ ይገኛሉ፤ ይነበባሉ። የፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን የሚያወጣውን የፖለቲካ መዋጮ ዝርዝር ግን ተጠንቀቂው። የግለሰብ መዋጮ ሰጪዎችን ስም ከዚያ አውጥቶ ለገንዘብ መጠየቂያ ማዋል በሕግ የተከለከለ ነው፤ ክልከላው ለበጎ አድራጎት የሚደረገውንም ይጨምራል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፤ ኢንተርቪው ላይ ብታነሺው ያስተውሉሻል።

አሁን የስጦታ ሠንጠረዡን፣ ማለትም ለአንድ ዘመቻ በየመጠኑ ስንት ስጦታ እንደሚያስፈልግ የሚያሳየውን ዕቅድ፣ እዪው። ሆስፒታሉ ለአዲስ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል 10 ሚሊዮን ዶላር ይፈልጋል እንበል። የሚታቀደው አንድ የ2 ሚሊዮን፣ ሁለት የ1 ሚሊዮን፣ አራት የ500,000 እና ስምንት የ250,000 ዶላር ስጦታ ተብሎ ነው። እነዚህ 15 ስጦታዎች 8 ሚሊዮን ይሞላሉ፤ የቀረውን 2 ሚሊዮን ብዙ ሰው ይጋራዋል። ለእያንዳንዱ ስጦታ ሦስት ወይም አራት እጩ ስለሚያስፈልግ፣ ለ15 ስጦታ ከ45 እስከ 60 እውነተኛ ስም መያዝ ግድ ነው። ዘመቻ የሚወድቀው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው፦ ለላይኛው ረድፍ ስም ሳይገኝ የታችኛው ይጀመራል። በ10,000 ዶላር እየሰበሰቡ 10 ሚሊዮን ለመድረስ 1,000 ለጋሽ ይፈለጋል፤ እያንዳንዱም ምስጋና፣ ደረሰኝና ስልክ ይፈልጋል። የላይኛው ረድፍ ምን ያህል ከፍ ሊል እንደሚችል ለማየት ሩቅ መሄድ የለብሽም። እዚያው ዋሽንግተን ያለው የችልድረንስ ናሽናል ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2009 ከአቡ ዳቢ መንግሥት 150 ሚሊዮን ዶላር ተሰጥቶት የሼክ ዛይድን ስም የያዘ የሕፃናት ቀዶ ሕክምና ፈጠራ ኢንስቲትዩት አቋቁሟል።

ለጋሽ ሁሉ አንድ ጊዜ የሚያነሳው ጥያቄ አለ፦ «ኢንሹራንስ ይከፍል የለም እንዴ?» መልሱን በሦስት ዓረፍተ ነገር ያዢው። የሕፃናት ሆስፒታል ከሚያክማቸው ልጆች ብዙዎቹ አነስተኛ ገቢ ላላቸው በተዘጋጀው የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ በሜዲኬይድ፣ ናቸው፤ ሜዲኬይድ ደግሞ ከግል ኢንሹራንስ ያነሰ ይከፍላል። ልጁን ከቀዶ ሕክምና በፊት በአሻንጉሊት የሚያዘጋጁት፣ ወንድምና እህቱን የሚያጽናኑት የቻይልድ ላይፍ ባለሙያዎች ለሥራቸው በአብዛኛው ኢንሹራንስ አይጠየቅበትም፤ ደመወዛቸው ብዙ ጊዜ በስጦታ ይደገፋል። ገና ያልተፈተነ የምርምር ሐሳብም የመንግሥት ገንዘብ ከማግኘቱ በፊት የሚጀምርበትን የሚሰጠው ለጋሽ ነው።

ወደ ይሉኝታው ልምጣ፤ ደብዳቤሽን ደጋግሜ ያነበብኩት እዚህ ጋ ነው። ይሉኝታ አፍ አይዘጋም። ሰውን የሚያስለፈልፈው ይብሳል። በእኛ ወግ «የቻሉትን ያህል ይርዱን» ማለት ጨዋነት ነው። እዚህ ሥራ ላይ ግን ውድ ጨዋነት ነው፤ 150,000 ሊሰጥ የነበረው ሰው 5,000 ይጽፋል፣ ግዴታውን እንደተወጣ ያስባል፣ ለሁለት ዓመት ተመልሰሽ አትሄጂበትም። ጥያቄው ቁጥር፣ ዓላማና ጊዜ ይኑረው፦ «እርስዎና ባለቤትዎ ለጨቅላ ሕፃናት ክፍሉ በዓመት 50,000 ዶላር፣ ለሦስት ዓመት በድምሩ 150,000 ዶላር ለመስጠት ታስቡበት እንደሆነ ልጠይቃችሁ ነው የመጣሁት።» ከዚያ ዝም በይ። አሥር ሰከንድ ረጅም ነው፤ ቡናውን ያማስላል፣ ባለቤቱን ያያል፣ መስኮቱን ያያል። ይሉኝታ የሚያሸንፍሽ እዚያች ላይ ነው፤ «ግን ካልተመቸ ባነሰም…» ካልሽ ከራስሽ ጋር ተከራክረሽ ዋጋውን ያወረድሽው አንቺ ነሽ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እዚህ ግን ከተናገሩ በኋላ ዝም ባለማለትም ይቀራል። በመስታወት ፊት አትለማመጂው፤ ሰው አስቀምጠሽ፣ ሰዓት ይዘሽ፣ ቁጥሩን ጮክ ብለሽ ተናገሪው።

ደግሞ ጥያቄው ድንገተኛ መሆን የለበትም። ከመጠየቁ በፊት «በሚቀጥለው ስንገናኝ ስለ እርስዎ ድጋፍ በዝርዝር ብንነጋገር ይፈቅዳሉ?» ብለሽ ፈቃድ ትወስጃለሽ። ውሳኔው የባልና ሚስት ከሆነ ሁለቱም ይገኙ።

የሕፃናት ሆስፒታልን ከሌላው የሚለየው የታካሚው ጉዳይ ነው። ለጋሾቹ የታከሙ ልጆች ወላጆችና አያቶች ናቸው። ሂፓ የተባለው የጤና መረጃ ሕግ በ2013 በተሻሻለው ደንቡ ፋውንዴሽኑ ያለ ተጨማሪ ፈቃድ ሊያይ የሚችለውን ለይቶ አስቀምጧል፦ ስምና አድራሻን የመሰለ መረጃ፣ የታከመበት ቀን፣ የታከመበት ክፍል፣ ያከመው ሐኪም፣ ጠቅላላ የሕክምና ውጤትና የኢንሹራንስ ሁኔታ። የበሽታው ምርመራ ውጤት የለበትም። ለገቢ ማሰባሰብ በሚላከው እያንዳንዱ መልእክት ላይም «ከዚህ በኋላ አትጻፉልኝ» የሚባልበት ቀላል መንገድ በግልጽ መታየት አለበት። ከሕጉ ሌላ የሙያው ጨዋነት አለ፤ ልጁ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝቶ ሳለ ወላጁ አይጠየቅም። ወላጁ ራሱ ሐኪሙን «ምን ላድርግላችሁ?» ሲለው፣ ሐኪሙ «ከፋውንዴሽኑ ሰው ጋር ላገናኝዎት?» ብሎ ፈቃድ ወስዶ ያስተላልፈዋል። ስለዚህ ከኦፊሰሩ ሥራ ትልቁ ክፍል ከሐኪሞች ጋር መተማመን መፍጠር ነው። ይህን መተማመን የሚያፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነገር ነው፤ ሐኪሙ ሰው ካገናኘ በኋላ ምን እንደደረሰ ሳይነገረው ይቀራል፤ ሁለተኛ አያገናኝም።

ከእያንዳንዱ ጉብኝት በኋላ በሁለት ቀን ውስጥ ማስታወሻው ዳታቤዙ ላይ ይግባ። መልኩ እንዲህ ነው፦ «አያትየው የልጅ ልጃቸውን የተንከባከበችውን ነርስ ሁለት ጊዜ አነሱ። የነርሶች ሥልጠና ከሕንፃ ይልቅ ይስባቸዋል። በሰኔ ቤት ይሸጣሉ። ቀጣይ፦ ከነርሶች ኃላፊዋ ጋር ጉብኝት፣ እስከ መጋቢት 15።» አራት መስመር ይበቃል። ስለ ሰው ትዳር፣ ስለ ጠባዩ፣ ስለ ልጁ በሽታ ሐሜት አይጻፍ፤ ለጋሹ አንድ ቀን «ስለ እኔ የጻፋችሁትን አሳዩኝ» ቢል የማያሳፍር ይሁን።

የታክሱን ነገር ከሂሳብ ሠራተኛው ጋር ትሠሪዋለሽ፤ ነገር ግን ብዙ የሚሳሳቱባቸውን ዕወቂ። 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሰጠ ሰው በጽሑፍ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል፤ በምላሹ ዕቃ ወይም አገልግሎት ማግኘት አለማግኘቱም ይጻፍበታል። አክሲዮን ሲሰጥ ደብዳቤው የኩባንያውን ስምና የአክሲዮኑን ብዛት እንጂ ዋጋውን አይናገርም። ገንዘቡ ከዶነር አድቫይዝድ ፈንድ (ለጋሹ ገንዘቡን አስቀድሞ አስገብቶ በኋላ ለማን እንዲሰጥ ሐሳብ ከሚያቀርብበት ፈንድ) ከመጣ ለሰውየው የታክስ ደረሰኝ አይሰጥም፤ ተቀናሹን ገንዘቡን ወደ ፈንዱ ሲያስገባ ወስዶታል፤ ለእሱ የምስጋና ደብዳቤ ይበቃዋል። 70 ዓመት ከ6 ወር የሞላቸው ደግሞ ከአይአርኤ የጡረታ ሂሳባቸው በቀጥታ መስጠት ይችላሉ፤ የ2025 ጣሪያ ለአንድ ሰው 108,000 ዶላር ነበር።

ሬዚዩሜሽ ላይ «የራት ግብዣ አዘጋጀሁ» የሚለውን አውጪው። ስንት የግብዣ ጠረጴዛ በስንት ዶላር ራስሽ ደውለሽ ሸጥሽ? ስንት ሰው ከ1,000 ወደ 5,000 አሳደግሽ? በስንት ወር? ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃ መዋጮ አስተባብሬያለሁ ያልሽውንም አትደብቂው፤ የቤት ለቤት ጉብኝት፣ በሦስት ዓመት የሚከፈል ቃል፣ ያልከፈለን ሳያስቀይሙ ማስታወስ፣ ይህ ራሱ ሥራው ነው። ቃል ከተገባው ስንት በመቶ እንደተከፈለ ካወቅሽ ጻፊው።

ሲኤፍአርኢ የተባለው የገቢ አሰባሳቢዎች የሙያ ማረጋገጫ በር አይከፍትም፤ በሩ ላይ ከቆሙ ሁለት ሰዎች መሀል ግን ይለያል። ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ የ36 ወር የሙሉ ጊዜ ሥራ ይጠይቃል፤ አንቺ አለሽ። ፈተናው 200 ጥያቄ በ4 ሰዓት ነው።

ኢንተርቪው ከመግባትሽ በፊት ፋውንዴሽኑ በየዓመቱ ለፌዴራል ግብር መሥሪያ ቤቱ (አይአርኤስ) የሚያቀርበውን ፎርም 990 አውርደሽ አንብቢ፤ የኃላፊዎች ደመወዝና የስጦታ ገቢ አለበት። ሆስፒታሉና ገንዘብ ሰብሳቢው ሁለት የተለያዩ ድርጅቶች መሆናቸውን አጣሪ። የሜምፊሱ ሴንት ጁድ በ1962 ሲከፈት ገንዘብ የሚያሰባስብለት አልሳክ በ1957 ቀድሞት ተቋቁሟል፤ እንዲህ ሲሆን አንዱን 990 ብቻ ያነበበ ግማሹን ነው የሚያየው። አንቺም ጠይቂያቸው፦ ፖርትፎሊዮው ውስጥ ካሉት ስሞች ባለፉት 12 ወራት ስንቱ ተጎበኙ? ከዚህ ቦታ የለቀቀው ሰው ስንት ጊዜ ቆየ? የመጀመሪያው ዓመት ግብ የዶላር ነው የጉብኝት? ለአዲስ ሰው የጉብኝት ቢሆን ይሻላል። «ካመጣሽው በመቶኛ እንከፍልሻለን» ካሉሽ አመስግነሽ ውጪ፤ የገቢ አሰባሳቢ ባለሙያዎች ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብ በኮሚሽን መሥራትን ይከለክላል።

ወደፊት ለአዲስ አበባ የሕፃናት ሕክምና ይህንኑ መሥራት እንደምትፈልጊ በመጨረሻ ጠቅሰሻል። አሜሪካ ያለ ለጋሽ ስጦታው ከታክስ እንዲቀነስለት ከፈለገ ገንዘቡ እዚሁ ወደ ተመዘገበ ድርጅት መግባት አለበት፤ ያ ድርጅትም በአወጣጡ ላይ የራሱ ውሳኔና ቁጥጥር ሊኖረው ይገባል። የማስተላለፊያ ቧንቧ ብቻ ከሆነ አይአርኤስ አይቀበለውም።

ማስታወቂያው ሊዘጋ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል ብለሻል። በዚህ ሳምንት አሁን ካሉሽ ለጋሾች 5,000 ዶላርና ከዚያ በላይ የሰጡትን ስምንት ሰዎች ምረጪ፤ ለሁለቱ ደውለሽ ቀጠሮ ያዢ፤ ለአንዳቸው 25,000 ዶላር ለመጠየቅ ከኃላፊሽ ፈቃድ ውሰጂ። ለኦፊሰርነቱ የምትጽፊውን ደብዳቤ ከዚያ ጉብኝት በኋላ ላኪልን፤ አብረን እናየዋለን።