ጀርባዬን ለሜዳው ሰጥቼ ያየሁት

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። አዲስ አበባ ሆነህ አርሰናልን ትደግፋለህ። ለአንተ ጠላት ማለት ማንቼ፣ ማንቸስተር ዩናይትድ ነው። ለንደን ያለው የአጎትህ ልጅ ግን «ማንቼ ምናችን ነው? ጠላታችን ቶተንሃም ነው» ብሎ ግራ አጋብቶሃል። «ዋንጫ የማይበላ ቡድን እንዴት ጠላት ይሆናል? ብራይተንና ክሪስታል ፓላስስ ጎረቤት እንኳ ሳይሆኑ ምን አጣላቸው?» ነው ያልከው። እስካሁን የመለሱልህ ልጆች ሁሉ ዋንጫ ቆጥረውልሃል። እኔ በሌላ በኩል ልምጣ።

የምኖረው ደቡብ ለንደን ነው። ቅዳሜና እሁድ ስታዲየም ውስጥ ስቱዋርድ ሆኜ እሠራለሁ። አንጸባራቂ ጃኬት ለብሰው ደጋፊው ፊት የሚቆሙትን በቴሌቪዥን አይተሃቸው ይሆናል፤ አንዱ እኔ ነኝ። የቀጠረኝ ኤጀንሲ ዛሬ እዚህ ሜዳ፣ ነገ እዚያ ይልከኛል። (ትርፍ ሰዓት አይከፍልም። ስሙን አልጠራም፣ እንጀራዬ ነው።) የዚህ ሥራ ቀልዱ ምን መሰለህ? ስታዲየም በነፃ ትገባለህ፣ ጨዋታ ግን አታይም። ጀርባህን ለሜዳው ሰጥተህ፣ ፊትህን ወደ ሕዝቡ አዙረህ ነው የምትቆመው። ጎል ለማየት ዞር ካልክ ኃላፊው ይጮህብሃል። ስለዚህ እኔ እነዚህን ሁሉ ዓመታት ያየሁት ኳስ ሳይሆን የሰው ፊት ነው።

ትልቅ ቡድን ሲመጣ የሰው ዓይን ሜዳው ላይ ነው። ማንቼም ይሁን ሲቲ፣ ይሰድቡታል፣ ይዘፍኑበታል፣ ግን ኳሱን ያያሉ። ባላንጣ ሲመጣ ግማሹ ሰው ኳሱን ይረሳዋል። የሚያየው ጥግ ላይ የተቀመጡትን እንግዳ ደጋፊዎች ነው። ጎል ሲገባም ወደ ተጫዋቹ አይደለም የሚያጨበጭበው። ወደዚያ ጥግ ዞሮ ነው እጁን የሚዘረጋው። ደርቢን፣ የባላንጣዎችን ጨዋታ፣ የማውቀው በዚህ ነው። ሌላም ምልክት አለ። በሁለቱ ደጋፊዎች መሃል ያሉት ወንበሮች በመረብ ይሸፈናሉ፤ እኛ እዚያ ላይ እንደ አጥር እንደረደራለን። ጨዋታው ብዙ ጊዜ እኩለ ቀን ገደማ ይጀመራል። ፖሊስ ነው እንዲህ እንዲሆን የሚፈልገው፣ ሰው ጠጥቶ ሳይሞቀው እንዲያልቅ።

ወደ አጎትህ ልጅ ልመለስ። ልክ ነው። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ሲገባ ፊት ለፊቱ የሚቀመጠው የቶተንሃም ደጋፊ ነው። ፀጉር ቆራጩም ቶተንሃም ሊሆን ይችላል፣ አማቱም። ማንቼ ቢያሸንፈው ይናደዳል። ቶተንሃም ካሸነፈው ግን ሳምንቱን ሙሉ ሲያበሽቁት ይከርማሉ። ዋንጫ እምብዛም ያለመብላቱ ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል እንጂ አያበርደውም። ምንም የሌለው ሰው ሲያሸንፍህ ነው የሚያንገበግበው።

ታሪኩም አለ። (የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) አርሰናል ድሮ የሰሜን ለንደን ቡድን አልነበረም። በ1886 ከቴምዝ ወንዝ በስተደቡብ፣ ዉልዊች በሚባል ሰፈር፣ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ያቋቋሙት ነው። አርማው ላይ ያለው መድፍ ከዚያ የመጣ ነው። በ1913 ወንዙን ተሻግሮ ሃይበሪ ሰፈረ፣ ከቶተንሃም 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ። ቶተንሃሞች ይህን መጤ በክፉ ዓይን አዩት። ከዚያ 1919 መጣ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አንደኛ ዲቪዚዮን፣ የያኔው ከፍተኛ ሊግ፣ ወደ 22 ቡድን ሊሰፋ ሆነ። ቶተንሃም ከጦርነቱ በፊት የመጨረሻ ወጥቶ ነበር፤ ዲቪዚዮኑ ከሰፋ አልወርድም ብሎ ጠበቀ። አርሰናል ያኔ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ውስጥ 5ኛ ነበር፣ አንደኛ እንኳ አይደለም። ድምፅ ተሰጠ። 18 ለ 8። አርሰናል ገባ፣ ቶተንሃም ወረደ። የአርሰናሉ ሊቀመንበር ሄንሪ ኖሪስ እንዴት አድርጎ እንዳሳመናቸው እስከ ዛሬ ያጨቃጭቃል። አርሰናል ከዚያ ወዲህ አንዴም አልወረደም። ከመቶ ዓመት በኋላ የተወለደ የቶተንሃም ልጅ ይህን እንደ ቤተሰብ የመሬት ክስ ነው የሚያወራልህ።

ይገርምሃል፣ ይኸው ኖሪስ ሌላ ደርቢም ላይ እጁ አለበት። ከአርሰናል በፊት ፉልሃምን ይመራ ነበር። የስታምፎርድ ብሪጅ ባለቤት «ሜዳዬን ተከራዩ» ሲላቸው ፉልሃሞች ኪራዩ በዛብን ብለው ተዉት። ሰውዬው ሜዳው ባዶ ከሚቀር ብሎ በ1905 የራሱን ቡድን አቋቋመ። ቼልሲን። ዛሬ የፉልሃም ደጋፊ ቼልሲን አጥብቆ ይጠላል። የቼልሲ ደጋፊስ? ትዝም አይለው። እዚያ ጨዋታ ላይ ቆሜ አውቃለሁ፤ አንዱ ወገን ጥግ ጥጉን ያያል፣ ሌላው ኳሱን። የአንድ ወገን ጠላትነት እንደ አንድ ወገን ፍቅር ነው፣ ሲያዩት ያሳዝናል።

አሁን ብራይተን። እዚህ አገር በመጣሁ በመጀመሪያው ክረምት ከበጎ አድራጎት ሱቅ በ4 ፓውንድ ሹራብ ገዛሁ። ሰማያዊና ነጭ፣ ቁም ቁም መስመር ያለው። ሙቀት ነው እንጂ ሌላ ምን ይታየኛል። ለብሼው ሥራ ገባሁ፤ ያኔ መጋዘን ነበር የምሠራው፣ ከፓላስ ሜዳ ብዙ አይርቅም። አንድ ሽማግሌ ባልደረባዬ አየኝና ሻይውን አስቀመጠ። «ልጄ፣ እዚህ ሰፈር በዚያ ነገር አትሂድ» አለኝ። የሰረቅኩት መስሎት ነው ብዬ ደነገጥኩ። ለካ የብራይተን ቀለም ነው።

ከብራይተን እዚህ ወደ 70 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከአዲስ አበባ ሞጆ በለው። በመሃል ስንት ከተማ አለ። ሽማግሌው በምሳ ሰዓት ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ሁለቱም ሦስተኛ ዲቪዚዮን ነበሩ፣ ሁለቱም ለማደግ ይፋለማሉ። የብራይተን አሰልጣኝ አለን ሙለሪ፣ የፓላስ ቴሪ ቬናብልስ። ሁለቱ ቶተንሃም ውስጥ አብረው የተጫወቱ ናቸው፤ የድሮ ጓደኛ ሲጣላ ታውቀዋለህ። በ1976 በኤፍኤ ካፕ ተገናኙ። አቻ። ተደገመ፣ አሁንም አቻ። ሦስተኛው ስታምፎርድ ብሪጅ ላይ ሆነ። ፓላስ 1 ለ 0 እየመራ ብራይተን ሪጎሬ አገኘ። መቱ፣ ገባ። ዳኛው «ተጫዋቾች ቀድመው ሳጥን ውስጥ ገብተዋል» ብሎ አስደገመ። ሁለተኛውን በረኛው አወጣው። ጨዋታው በዚያው አለቀ። ሙለሪ ሲወጣ የፓላስ ደጋፊዎች ትኩስ ነገር ደፉበት። እሱም ከኪሱ ሳንቲም አውጥቶ መሬት ላይ በተነና «እናንተ ይህን እንኳ አታወጡም» አላቸው። ይኸው ነው። አንድ ሪጎሬና ጥቂት ሳንቲም። ፓላሶች «ኢግልስ!» (ንስሮች) እያሉ ሲዘፍኑ ብራይተኖች «ሲጋልስ!» (የባሕር ወፎች) ብለው መመለስ የጀመሩትም በዚያው ዘመን ነው፤ ቅጽል ስማቸው ሆኖ ቀረ። አስቂኙ ነገር፣ ያው ሙለሪ ከጥቂት ዓመት በኋላ ፓላስን አሠለጠነ። የፓላስ ሰዎች እንዴት እንደተቀበሉት ገምተው።

ሊቨርፑል ጋ ሄደህ ደግሞ ተገላቢጦሹን ታገኛለህ። ኤቨርተን አንፊልድ ላይ ነበር የሚጫወተው። በ1892 ከሜዳው ባለቤት ጋር በኪራይ ተጣላና መናፈሻውን ተሻግሮ ሄደ። ባለቤቱ ባዶ የቀረውን ሜዳ ይዞ ሊቨርፑልን አቋቋመ። (እንግሊዝ ውስጥ ስንቱን ቡድን ኪራይ እንደፈጠረው ቁጠርልኝ።) ግን አንድ ቤት ውስጥ አባት ቀይ፣ ልጅ ሰማያዊ ነው። በ1989 የሊቨርፑል ደጋፊዎች በግፊያ ያለቁበት የሂልስቦሮ ስታዲየም አደጋ ሲደርስ የሁለቱን ቡድን ሻርፕ እያሰሩ ከአንዱ ሜዳ እስከ ሌላው በመናፈሻው ዘርግተውታል። በሜዳ ላይ ግን አይማማሩም፣ ቀይ ካርዱ ብዙ ነው።

የሊቨርፑል እውነተኛ ጥርስ የተነከሰው ማንቸስተር ላይ ነው። ይህ ከኳስም በፊት የተጀመረ የእንጀራ ጉዳይ ነው። የማንቸስተር ፋብሪካዎች ጥጥ የሚያስገቡት በሊቨርፑል ወደብ በኩል ነበር፣ ቀረጥ እየከፈሉ። መረራቸው። በ1894 58 ኪሎ ሜትር ቦይ ቆፍረው መርከቡን እስከ ከተማቸው አስገቡት። የማንቸስተር ዩናይትድ አርማ ላይ መርከብ ያለው ለምን እንደሆነ አስበህ ታውቃለህ? ባሕር የሌለው ከተማ! አሁን ደግሞ የሊግ ዋንጫው 20 ለ 20 ነው፣ ሊቨርፑል በ2025 ደረሰበት። ከ1964 ወዲህ አንድም ተጫዋች በቀጥታ ከአንዱ ወደ ሌላው አልተሸጠም።

በእነዚህ ሁሉ ውስጥ መበሻሸቅ አለ። ፈገግታ የማታይበትን ልንገርህ፤ ዊምብልደንና ሚልተን ኪንስ። እዚህ ደቡብ ለንደን የነበረውን ቡድን ባለቤቶቹ አንስተው በ2003 90 ኪሎ ሜትር ርቆ ሚልተን ኪንስ ወሰዱት። ደጋፊው ቀድሞ አውቆ ነበርና በ2002 መስክ ላይ ተጫዋች መርጦ የራሱን ቡድን ከታች ጀመረ። በ9 ዓመት ውስጥ ወደ ፕሮፌሽናል ሊግ ተመለሰ። የዚያ ደጋፊው የመሠረተው ቡድን ደጋፊ የሆነ ጎረቤት አለኝ፣ ጨዋ ሰው ነው። የሌላኛውን ቡድን ስም እስከ ዛሬ ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። «እነዚያ» ነው የሚለው።

አንተም ግን አልተሳሳትክም፣ ወንድሜ። አዲስ አበባ የቶተንሃም ደጋፊ የት አለና ትጠላዋለህ? በዲኤስቲቪ ቤት ከጎንህ የሚቀመጠው፣ ባሸነፈ ቁጥር ደውሎ ሙድ የሚይዝብህ የማንቼ ደጋፊ ነው። በአርሰናሉ አሰልጣኝ በቬንገርና በማንቼው በፈርጉሰን ዘመን፣ አርሰናል 49 ጨዋታ ሳይሸነፍ የሄደው ጉዞ በ2004 ማንቼ ሜዳ፣ ኦልድ ትራፎርድ ላይ ሲቆም ያለቀሰው ያንተ ሰፈር ልጅ ነው። ማንቼ ለአንተ ሩቅ አይደለም። የሰፈር ደርቢህ እሱ ነው።

አንድ ቀን እዚህ መጥተህ ጨዋታ የምታይ ከሆነ ግን ትኬትህ የትኛው ጥግ እንደሆነ አረጋግጥ። ባለፈው ዓመት ደርቢ ላይ ባለሜዳዎቹ መሃል የተቀመጠ አንድ ሐበሻ ነበር። እንግዳው ቡድን ሲያገባ ብድግ አለና በአማርኛ «ጎል!» ብሎ ጮኸ። ብቻውን። ዙሪያው ጸጥ አለ። ሮጬ ሄጄ «ና ወንድሜ፣ ሳይበሉህ እንውጣ» አልኩት። በአማርኛ ሲያናግሩት ማልቀስ ቀረው። ትኬቱን በስንት እንደገዛው እየነገረኝ ደረጃውን ወረድን። በሩ ጋ ስንደርስ ከላይ ስታዲየሙ አጓራ።

«ማን አገባ?» አለኝ።

«ባለሜዳዎቹ» አልኩት። ዞር ብዬም አላየሁም።