የሙዚየሙ ወፍ ክንፍ ለምን አጠረ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። የምጽፈው ከሐይቅ ነው፣ የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ሐይቁ ዳር ከመምህራችን ጋር ሸማኔ ወፍ በመረብ እየያዝን ክንፉን ለክተን እንለቃለን። በቀደም ሙዚየም ሄጄ እዛ የደረቁትን ስለካቸው የወንዶቹ ክንፍ ከኛዎቹ ወንዶች በ2 ሚሊሜትር ገደማ አጥሮ አገኘሁት። ድሮ ወፎቹ ትንንሽ ነበሩ ማለት ነው ወይስ እኔ ተሳስቼ ነው?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ልኬትህ ትክክል ሊሆን ይችላል፣ ግን ወፎቹ አድገዋል ብለህ እንዳትጽፍ። እስቲ ቋንጣን አስበው፣ እናትህ እርጥቡን ገመድ ላይ ስትሰቅለውና ደርቆ ስታወርደው አንድ ነው? የሙዚየም ወፍም ሥጋው ወጥቶ ጥጥ ተሞልቶ ነው የሚደርቀው። ላባው እንደ ጥፍር ስለሆነ አይኮማተርም፣ የሚኮማተረው ክንፉ እሚታጠፍበት ጋ ያለው ቆዳና ጅማት ነው፣ ክንፉን የሚያሳጥረው እሱ ነው። ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 በመቶ ያጥራል፣ እንደ ዝርያው ይለያያል። ያንተ ወፍ ክንፍ 76 ሚሊሜትር ከነበረ 2 በመቶው 1.5 ሚሊሜትር ነው፣ ልዩነትህ አብዛኛው እዚሁ አለቀ።

ደግሞ አለካክህንም እየው። በሕይወት ያለውን ክንፉን ማስመሪያው ላይ ጫን አርገህ ካቃናኸው ይረዝማል፣ የደረቀው ግን ግትር ነው፣ እንደጎበጠ ነው እሚለካው። ስለዚህ ሁለቱንም ሳትጫን ለካ፣ መታጠፊያውን ማስመሪያው ጫፍ ላይ ካለው ማቆሚያ አስጠግተህ የረጅሙን ላባ ጫፍ አንብብ። እባክህ የሙዚየሙን ክንፍ ለመዘርጋት እንዳትታገል፣ ይሰበራል! ሩፔል የሚባለው ጀርመናዊ በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከአገራችን ሰብስቦ የወሰዳቸው ወፎች እስከ ዛሬ ፍራንክፈርት ሙዚየም ውስጥ አሉ፣ ያን ያህል ዘመን የቆየ ነገር በአንድ ተማሪ እጅ ሲሰበር በጣም ያሳዝናል።

የእግር አጥንትና ምንቃር ብዙም አይለወጡም፣ እነሱን ማወዳደር ይሻላል። ከአናት እስከ ጭራ ያለውን ርዝመት ግን ተወው፣ አንገቱ ያዘጋጀው ሰው እንደሳበው ነው። ክብደቱንም ከመለያ ወረቀቱ ላይ ካልተጻፈ አታገኘውም።

ድሮና ዘንድሮ ለማወቅ ከፈለግክ የድሮውን ደረቅ ከቅርብ ጊዜው ደረቅ ጋር አወዳድር፣ ወንድን ከወንድ፣ አዋቂን ከአዋቂ፣ ወሩንም እይ ምክንያቱም ላባ ሲቆይ ጫፉ እያለቀ ይሄዳል። የግድ ከሕያዉ ጋር ማወዳደር ካለብህ ደግሞ ሞቶ የተገኘ ወፍ ሙዚየም ሲገባ ሳይደርቅ ለካው፣ ከወራት በኋላ ራስህ እንደገና ለካው፣ ከዛ በስንት እንደምታስተካክል ታውቃለህ። ሌላ ሰው እንዳይለካልህ፣ እጅ ከእጅ ይለያያል።