መጀመሪያ የት እንደነበረ ጠይቁት

እናንተ ወጣት ሐኪሞች ከሥራ በኋላ ቸርችል ጎዳና ዳር ሻይ ይዘን ስንቀመጥ፣ "ጋሼ፣ የቱን ምርመራ እናስቀድም?" ትሉኛላችሁ። እኔ ግን በሽተኛውን ምን ብላችሁ እንደጠየቃችሁት ነው መስማት የምፈልገው።

አንድ ለጋ ወጣት ነበር። ለገሃር አካባቢ ሕንፃ ላይ የቀን ሥራ ይሠራል። ትኩሳቱ አልለቀው ብሏል፤ ከስቷል፤ ጣፊያው አብጦ እምብርቱ ደርሷል። ደሙ ሲታይ ቀዩም ነጩም ደም የሚያረጋው ፕሌትሌቱም ወርዷል። እኔም እዚያው አልጋው አጠገብ ቆሜ "የደም ካንሰር ሳይሆን አይቀርም" አልኩ። ታላቅ ወንድሙ በሩ ጋ ቁጢጥ አለ።

በማግስቱ መቅኔውን ልወስድ ስዘጋጅ፣ ፍርሃቱን ላስረሳው ብዬ "ከዚህ በፊት የት ነበርክ?" አልኩት። "ሁመራ፣ ሰሊጥ አጨዳ።" ሌሊት ሜዳ ላይ ነበር የሚያድሩት። በማይክሮስኮፕ ሳየው የካንሰር ሴል የለም። መቅኔውን የሞላው ትኩሳት የሚያመጣና ጣፊያ የሚያሳብጥ የካላዛር በሽታ ተሕዋስ ነው። 17 ቀን መርፌ ተወጋና ዳነ።

ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ሁመራና መተማ ቆላ፣ በዋልካ መሬት ስንጥቅና በግራር ሥር ትኖራለች። ከተነደፉ በኋላ ሕመሙ እስኪጀምር ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ይፈጃል። ሰውየው እስከዚያ አዲስ አበባ ገብቶ ሥራ ይዟል። ካልጠየቃችሁት ሁመራን አያነሳላችሁም።

ጉበት ላይ ለሚታይ እብጠትም እንደዚሁ ነው። በበዓል በግ አርደን፣ "ውሃ ቋጥሯል" ያልነውን ጉበትና ሳንባ ለውሻ እንወረውራለን። ውሻው አንጀት ውስጥ የሚኖረው የኮሶ ትል የሚራባው በዚህ ነው። እንቁላሉ በውሻው ዓይነ ምድር ወጥቶ ወደ ሰው ሲገባ፣ ጉበት ላይ ለዓመታት ቀስ እያለ የሚያድግ ከረጢት ይሠራል። ዕጢ ነው ብላችሁ ሳታስቡበት መርፌ ብትሰዱበት፣ ፈሳሹ ሆድ ውስጥ ፈስሶ ለሞት የሚያሰጋ አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል። ስለዚህ ከመርፌው በፊት በሽተኛውን ስለ ውሻና በግ ጠይቁት።

ተሕዋስ ስላገኛችሁ ግን ካንሰር የለም አትበሉ። የሽንት ፊኛ ቢልሃርዚያ ብዙ ዓመት ከቆየ ራሱ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ናሙና መውሰድ ካለባችሁ ውሰዱ።

ካንሰር የሚለውን ቃል ግን ውጤቱ እጃችሁ ሳይገባ በሽተኛና ቤተሰብ ፊት አታውጡት። ለዚያ ልጅ ወንድም "ካንሰር አይደለም፣ ይድናል" ስለው ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። አንገቱን ደፋ። ለካ ማታውኑ አገር ቤት ላለች እናታቸው ደውሎ ነግሯታል።