እግሩ ከሳጥኑ ወጥቶ ነበር፣ ዳኛው ለምን ዝም አለ?

ወንድሜ፣ የላክኸውን የቤዝቦል ቪዲዮና ጥያቄህን አየሁት። መቺው ቡንት ሲያደርግ (ዱላውን፣ ማለትም ባቱን፣ ሳይወነጭፍ ኳሷን በቀስታ ሲነካት) የፊት እግሩ ከሚቆምበት ሳጥን መስመር አልፎ ነበር፣ ዳኛው ግን ምንም አላለም፣ ዓይኑ የት ነበር ነው ያልከው። እዚህ ባሕር ዳር ስንጫወት ከካቸሩ (ከመቺው ኋላ ሆኖ ኳሷን ከሚቀበለው) ጀርባ ቆሜ የምዳኘው ብዙ ጊዜ እኔ ስለሆንኩ የማውቀውን ልንገርህ።

ሕጉ አንተ ከምታስበው በላይ ለመቺው ያደላል። በአሜሪካው ትልቁ ሊግ መቺው አውት የሚባለው (ከመምታት ተራው የሚወጣው) ባቱ ኳሷን ሲነካ አንድ እግሩ ሙሉ በሙሉ ከሳጥኑ ውጪ መሬት ከረገጠ ነው። መስመሩም የሳጥኑ አካል ነው። ተረከዙ ትንሽ ከነካው እንደገባ ይቆጠራል። እግሩ አየር ላይ ከሆነም አይቀጣም፣ ኳሷን ከሳታትም ስትራይክ (በመቺው ላይ የሚቆጠር ስህተት) ብቻ ነው። ግን መትቶ ፋውል (ከሜዳው የጎን መስመር ውጪ) ብትወጣም አውት ነው። እዚህ ላይ ሁሌ እንጨቃጨቃለን!

አሁን ዳኛውን አስበው። ስትራይክ ናት ወይስ ቦል (ከመምቻው ክልል ውጪ ያለፈች ውርወራ) የሚለውን ሊወስን ዓይኑን ኳሷ ላይ ተክሏል፤ በዚያችው ቅጽበት እግርም ማየት ለማንም ይከብዳል። ስለዚህ የሚጠራው በጣም ግልጽ የሆነውን ነው። ቡንት ላይ መቺው ወደ ፊት ስለሚራመድ ትንሽ ይቀላል። ድሮ ደግሞ ሆን ተብሎ በ4 ቦል ሳይመታ ወደ መጀመሪያው ቤዝ ሲያሳልፉት ራቅ ብላ የተወረወረችውን ተንጠራርቶ የሚመታ ነበር፤ ከ2017 ወዲህ በዚያ ሊግ አሠልጣኙ ምልክት ሰጥቶ ያለ ውርወራ ስለሚያሳልፈው ይሄ ቀርቷል።

መስመሩ ራሱም አይቆይም። መቺዎቹ የኋላውን በጫማቸው ያጠፉታል (ሆን ብለው ነው፣ ትንሽ ወደ ኋላ ለመቆም)። እኛ ጋ ደግሞ በኖራ እናሰምረዋለን፣ ከሰዓት የሐይቁ ነፋስ ሲነሳ ግማሹ የለም። ያኔ እኔ የምለካው ከሆም ፕሌቱ (መቺው አጠገቡ ከሚቆመው መሬት ላይ ካለው ነጭ ሰሌዳ) ነው። በሳጥኑና በፕሌቱ ጠርዝ መካከል 15 ሴንቲሜትር ያህል ነው፣ ያንን በዓይኔ ይዤ እቆማለሁ።

አቧራው ላይ ያለውን የእግር ዱካ አይቶ አውት የሚል ዳኛም አጋጥሞኛል። እኔ በዱካ ብቻ አልፈርድም። መቺው መትቶ ሲሮጥ የመጀመሪያው እርምጃው ያው እዚያው ቦታ ላይ ያርፋላ! ዱካው መቼ እንደታተመ አይናገርም።

የላክኸው ቪዲዮም እንደዛ ይመስለኛል። ቀስ አድርገህ አጫውተውና ባቱ ኳሷን የነካበት ላይ አቁመው። እግሩ ያኔ አየር ላይ ካለ ዳኛው ትክክል ነው። መሬት ረግጦ ተረከዙም ከመስመሩ ካለፈ ግን ፎቶውን እዚህ ለጥፈው፣ አብረን እንየው።