ያገለገለ ሮታሪ ሞተር ሳይክል ልግዛ? ጥያቄና መልስ

ሱዙኪ አርኢ5 የተባለ ሮታሪ ሞተር ሳይክል እንዳለኝ የሰማችሁ ሰዎች ጥያቄ አዥጎድጉዳችኋል። ደስ ይለኛል፣ ስለዚህ ሞተር ማውራት አይሰለቸኝም። የምኖረው ጀርመን ስለሆነ የማወራው የአውሮፓን ገበያ ነው። ዓመተ ምሕረቱም ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው። እንቀጥል።

ጥያቄ፦ ሮታሪ ከተራው ሞተር በምን ይለያል?

ፒስተን የለውም። ቫልቭም የለውም። ጎን ጎኑ ወጣ ያለ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት፣ ሮተር የሚባለው፣ ወገቡ ጠበብ ባለ ሞላላ ቤት ውስጥ ይዞራል። እየዞረ ሦስቱ ጎኖቹ በየተራ አየርና ቤንዚን ይስባሉ፣ ያምቃሉ፣ ያቃጥላሉ፣ ጭሱን ያስወጣሉ። ሐሳቡ የጀርመናዊው የፌሊክስ ዋንክል ነው፤ ኤንኤስዩ የተባለው ፋብሪካ ደግሞ በ1957 የመጀመሪያውን ሞተር አስነሳ። ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ ነገር ስለሌለ አነዳዱ ለስላሳ ነው። ያንን ልስላሴ አንዴ የቀመሰ ሰው ሌላው ሁሉ ይጎረብጠዋል።

ጥያቄ፦ የትኛውን ትመክረኛለህ?

ለጀማሪ አርኢ5። ከ1974 እስከ 1976 ስድስት ሺህ ገደማ ስለተሠራ ፈልገህ አታጣውም። 497 ሲሲ፣ አንድ ሮተር፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ፣ 62 የፈረስ ጉልበት። የመጀመሪያው ዓመት ሥሪት ላይ ያለው የቆርቆሮ ጣሳ የመሰለ የፍጥነት መለኪያ ሰዓት የጣሊያናዊው ንድፍ አውጪ የጁጃሮ ሥራ ነው፤ አንዳንዱ ይጠላዋል፣ እኔ እወደዋለሁ። ቀለል ያለ ከፈለግህ የጀርመኑ ኸርኩለስ ደብልዩ2000 አለ፣ 294 ሲሲ ነው፣ በአየር ይቀዘቅዛል። ጉልበቱ ግን ትንሽ ነው። የሆላንዱን ሮታሪ ቫን ቬንን እርሳው፣ ጥቂት ደርዘን ብቻ ነው የተሠራው፣ ዋጋውም የቤት ዋጋ ነው። የእንግሊዙ ኖርተን ሌላ ዓለም ነው፣ እመለስበታለሁ።

ጥያቄ፦ ልገዛ ስሄድ ምኑን ልይ? ቀለሙ በጣም ያምራል።

ቀለሙን ተወው። ቀለም በገንዘብ ይመለሳል፣ የተበላ የሮተር ቤት ግን በቀላሉ አይመለስም።

መጀመሪያ ለሻጩ ደውለህ ሞተሩን ቀድሞ እንዳያሞቀው ንገረው። ስትደርስ በእጅህ ንካው። ሞቆ ከጠበቀህ የሚደበቅ ነገር አለ ማለት ነው። በቀዝቃዛው መነሳቱን እይ፣ ንዳው፣ በደንብ ሲሞቅ አጥፋውና ከትንሽ ቆይታ በኋላ መልሰህ አስነሳው። ሲሞቅ አልነሳም ካለ ኮምፕረሽኑ፣ ማለትም አየሩን አምቆ የመያዝ ኃይሉ፣ ደክሟል።

ዋናው ልኬት ይሄ ነው። የታመቀው አየር እንዳያመልጥ የማሸግን የፒስተን ፋሻ ሥራ እዚህ የሚሠሩት የሮተሩ ሦስት ማዕዘኖች ላይ ያሉ ቀጫጭን ፋሻዎች ናቸው። ተራ የኮምፕረሽን መለኪያ ከሦስቱ ጎኖች ትልቁን ቁጥር ይዞ ይቀራል፣ ስለዚህ የታመመ ሞተር ጤነኛ መስሎ ያልፋል። መፍትሔው መለኪያው ውስጥ ያለችውን አየር የምትይዝ ትንሽ ቫልቭ ማውጣት ነው። ካንዴላውን ፈትተህ መለኪያውን እሰርበት፣ ጋዙን (የነዳጅ መስጫ እጀታውን) እስከ መጨረሻው ክፈት፣ በባትሪ አስዙር። ቀስቱ ይዘላል። ሦስቱ ዝላይ እኩል ከሆነ እፎይ በል። ሁለቱ ደክመው አንዱ ብቻ ከበረታ የአንዱ ማዕዘን ፋሻ ሄዷል፣ ምክንያቱም አንድ ፋሻ ሲበላ በግራም በቀኝም ያሉት ጎኖች ያፈሳሉ። ሦስቱም ከደከሙ ሞተሩ ይፈታል ማለት ነው። ሻጩ ይህን አላስለካም ካለህ ተሰናብተኸው ሂድ።

ጥያቄ፦ ጋራዥ ውስጥ ለዓመታት የቆመ አርኢ5 በርካሽ አገኘሁ። ሩጫው በጣም ትንሽ ነው፣ አዲስ በለው!

አይ ወንድሜ፣ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ይህን ሞተር መንዳት ሳይሆን መቆም ነው የሚገድለው። ፋሻዎቹ ቦታቸው ላይ ይጣበቃሉ፣ ውስጡ ይዝጋል፣ የውሃው ጓርኒሲዮን ይደርቃል። ከገዛኸው ደግሞ ባትሪ አስረህ እንዳታስነሳው፣ በእናትህ። በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት አንጠብጥብ፣ ጥቂት ቀን አሳድረው፣ በእጅ ቀስ እያልክ አዙረው። ካርቡሬተሩን ሳታጸዳ፣ አሮጌ ቤንዚኑን ሳትደፋ፣ ውሃውን ሳትቀይር ምንም አትሞክር።

ጥያቄ፦ ዘይት ይበላል ይላሉ፣ እውነት ነው?

እውነት ነው፣ የተሠራውም እንዲበላ ነው። ለፋሻዎቹ የሚሆን ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ገብቶ አብሮ ይቃጠላል። አርኢ5 ላይ ዘይት ሦስት ቦታ ታያለህ፦ የሞተሩ፣ የካምቢዮው፣ እና ይህ የሚቃጠለው። ሦስተኛውን ረስቶ ሞተር ያቃጠለ ብዙ ነው። ስለዚህ ሲነሳ ትንሽ ሰማያዊ ጭስ ብታይ አትደንግጥ። ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ፣ ጣፈጥ የሚል ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ካየህ ግን ውሃ እየገባ ነው፣ አትግዛ።

ጥያቄ፦ ቤንዚንስ?

ይጠጣል። በ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር ገደማ ያዝ፣ ከጨመርክለት ይጨምራል።

ጥያቄ፦ ቁመቴ አጭር ነው፣ ይከብደኝ ይሆን?

እህቴ፣ አርኢ5 ያለ ቤንዚንና ያለ ዘይት እንኳ 230 ኪሎ ነው። አጥፍተሽ ስትገፊው ነው ክብደቱ የሚታወቅሽ። ቁጭ ብለሽበት ሁለቱም እግርሽ መሬት ካልረገጠ ኸርኩለሱን እይ። አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ፦ ጋዝ ስትለቂ እንደሌላው ሞተር አይዝም፣ ዝም ብሎ ይንሸራተታል። ቁልቁለት ላይ ፍሬንሽን ነው የምታምኚው፣ ስለዚህ ስትገዢ ፍሬኑን በደንብ አስፈትሺ።

ጥያቄ፦ መለዋወጫ ይገኛል? ሰፈሬ ያለው መካኒክ ይሠራዋል?

ፍሬንና የፊት ሹካ ብዙ አያስቸግርም፣ ከሱዙኪ ጂቲ750 ጋር የሚጋራው ነገር ብዙ ነው። ካንዴላው ነው ጉዱ። ለብቻው የተሠራ ወፍራም ባለ 18 ሚሊሜትር ነው፣ ዛሬ ብርቅም ውድም ነው። ሻጩ ትርፍ ካንዴላ ካለው ዋጋ ከመቀነስ እሱን ተቀበል። መካኒኩን በተመለከተ፣ አንድ የጋዝ እጀታ አምስት ገመድ የሚጎትትበት ሞተር ነው። ገመዶቹ እኩል ካልተስተካከሉ ይንቀጠቀጣል፣ ዘይቱም ልክ አይመጣም። የፋብሪካውን የጥገና መጽሐፍ ግዛና አብራችሁ ሥሩት።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ልኬ እዚያ ብነዳውስ?

አልመክርህም። ከ2,300 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ጉልበቱ ይወርዳል፣ ካርቡሬተሩም ለዚያ ከፍታ እንደገና መስተካከል አለበት። አንዲት ጓርኒሲዮን ብትበላሽ ደግሞ መርካቶን ብታስስ አታገኛትም። እዚሁ ንዳው።

ጥያቄ፦ እኔ ለንደን ነኝ። ኖርተን ኮማንደር ቀርቦልኛል፣ ምን ትላለህ?

የቀናህ ሰው! ኖርተን ሁለት ሮተር ነው፣ 588 ሲሲ። ተወዳዳሪው ስቲቭ ሂስሎፕ በ1992 በማን ደሴት የሞተር ሳይክል ውድድር ካርል ፎጋርቲን የቀደመው በኖርተን ሮታሪ ነው። ኮማንደሩ በውሃ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ በፊት ለፖሊስ የተሠራው ኢንተርፖል 2 ግን በአየር ነው፣ የከተማ መጨናነቅ አይወድም። ኮማንደር ላይ ጎማ መያዣውና ሹካው ከያማሃ ኤክስጄ900 የመጣ ስለሆነ ያ ወገን አያሳስብህም። ሞተሩ ነው ሁሉ ነገር። ባለቤቱ የሠራበትን የጥገና ደረሰኝ ጠይቅ፣ ሁለቱንም ሮተር ለየብቻ አስለካ፣ ከዚያ ስድስቱን ቁጥር ጻፍልኝና አብረን እናየዋለን። ቀብድ ግን ከዚያ በፊት እንዳትሰጥ።