ቤት የመታ ግጥም ለምን ጆሮ አይሞላም?

ጥያቄ፦ የጻፍኳቸውን ግጥሞች ያነበቡ ወዳጆቼ «ቤቱ መትቷል፣ ጆሮ ግን አይሞላም» ይሉኛል። ለምሳሌ ያህል እነዚህን ሁለት ስንኞች ልኬያለሁ፦

ትናንት ማታ መጣች፣ በራችንን መታች፤
ሳትናገር ቆየች፣ ተመልሳ ሄደች።

ፊደሉን ስቆጥር የመጀመሪያው ስንኝ 17፣ ሁለተኛው 15 ይሆንብኛል። ጉድለቱ ይህ ይሆን? ደግሞስ «ነገሠ» እና «ደረሰ» በተለያየ «ሰ» እየተጻፉ ቤት ይመታሉ?

መልስ፦ ጉድለቱ ከቁጥሩ አይደለም። በአማርኛ ግጥም የሚለካው በወረቀት ላይ የሰፈረው የፊደል ብዛት ሳይሆን ሲነበብ የሚሰማው ቀለም፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የሚነገር የድምፅ ክፍል ነው፤ አናባቢ የሌለው ሳድስ ከእሱ በፊት ካለው ፊደል ጋር ተጣብቆ ስለሚነገር ራሱን ችሎ አይቆጠርም። «በራችንን መታች» የሚለው ሐረግ 8 ፊደል ቢኖረውም ጮክ ብለው ሲያነቡት «በ-ራ-ች-ንን-መ-ታች» ብሎ በ6 ቀለም ያልቃል። የቀሩትን ሦስት ሐረጎች በዚሁ መንገድ ቢለኳቸው እያንዳንዳቸው 6 ሆነው ያገኟቸዋል። ስለዚህ ሳያውቁትም ቢሆን የጻፉት ወል ቤት የሚባለውን፣ በሐረግ 6 በስንኝ 12 ቀለም ያለውን ምጣኔ ጠብቀው ነው። (ሐረጉ 5 ቢሆን ሰንጎ መገን፣ 4 ቢሆን ቡሄ በሉ ይባል ነበር።)

የወዳጆችዎ ቅሬታ የመጣው ከቤት መምቻው ነው። «መታች» እና «ሄደች» የሚገናኙት በ«ች» ብቻ ነው፤ ያ «ች» ደግሞ ባለቤቷ ሴት በሆነች ጊዜ ከኃላፊ ግስ መጨረሻ ሳይጠራ የሚመጣ ምዕላድ፣ ማለትም በቃል ላይ የሚጨመር ቅጥያ ነው። አማርኛ ግስን በዓረፍተ ነገር መጨረሻ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ስለሆነ፣ ገጣሚው አንዳች ሳይለፋ «መጣች፣ በላች፣ ተኛች» ወይም «መጣሁ፣ በላሁ፣ ተኛሁ» እያለ ገጽ ሙሉ ቤት ሊያስመታ ይችላል። ሰዋስው በነጻ የሰጠውን ድምፅ ጆሮ እንደ ግጥም አይቀበለውም፤ ቀጥሎ የሚመጣውን አስቀድሞ ያውቀዋልና። በእርስዎ ስንኞች ላይ ደግሞ አራቱም ሐረጎች በዚሁ «ች» ስለሚዘጉ፣ የሐረጉ ማረፊያና የስንኙ መድፊያ በድምፅ ሳይለዩ ቀርተዋል።

ሐሳቡን ሳንለውጥ፣ ምጣኔውንም ሳንነካ እንዲህ ብናደርገውስ?

በራችንን መታች፣ መጥታ በጨለማ፤
ተመልሳ ሄደች፣ ቃሏን ሳታሰማ።

እዚህ ላይ አንደኛው ስንኝ በስም፣ ሁለተኛው በግስ ይዘጋል፤ የሚያገናኛቸው ምዕላድ ሳይሆን የቃላቱ የራሳቸው ፊደል «ማ» ነው፣ ከ«ማ» በፊት ያሉት «ለ» እና «ሰ»ም ሁለቱም ግዕዝ በመሆናቸው ድምፁ አንድ ፊደል ወደ ኋላ ሄዶ ይገጥማል። «መታች» እና «ሄደች» አሁንም አሉ፤ ነገር ግን በሐረግ ማረፊያ ላይ ስለዋሉ ቤት የመምታት ሸክም የለባቸውም። «መታች፣ መጥታ» የሚለው የተቀራረበ ድምፅም በር ሲመታ ትንሽ ያሰማል፤ ይህን መሰሉ የውስጥ ድግግሞሽ በስንኝ አንድ ጊዜ ሲመጣ ያምራል፣ ሲበዛ ግን ምላስ ማፍታቻ ይሆናል።

ለማሻሻያው ሁለት ዋጋ እንደተከፈለ መካድ አይቻልም። አንደኛ፣ «በጨለማ» ከግሱ በኋላ እንዲመጣ ተደርጓል፤ ግጥም ይህን ቅደም ተከተል ይፈቅዳል፣ ማን ምን እንዳደረገ እስከሚያጠራጥር ድረስ ሲገለበጥ ግን ቤቱ መትቶ ሐሳቡ ይፈርሳል። ሁለተኛ፣ «ጨለማ» ላይ «ማ» ይላላል፣ «ሳታሰማ» ላይ ይጠብቃል። ጽሑፋችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ዓይን ይህን አያየውም፤ ጥብቅ ጆሮ ያለው አንባቢ ግን ይሰማዋል። እኔ በበኩሌ በዚህ ስንኝ ላይ አልፈዋለሁ፤ ከምዕላድ ቤት ይልቅ በጥብቀት የሚለያይ የስረ ቃል ቤት ይሻላል ባይ ነኝ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስንመለስ፣ «ነገሠ» እና «ደረሰ» ያለ ጥርጥር ቤት ይመታሉ። በዛሬው አማርኛ «ሠ» እና «ሰ»፣ እንዲሁም «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ»፣ «ጸ» እና «ፀ» በአነጋገር አይለያዩም፤ ቤት የሚመታውም ለጆሮ ነው። ሁለቱም ኃላፊ ግሶች ቢሆኑም የሚገጥሙት በስራቸው ፊደል እንጂ በምዕላድ ስላልሆነ ከላይ የነቀፍነው ድክመት አይነካቸውም። ለዓይን እንዲመሳሰሉ ብለው ግን «ነገሠ»ን በእሳቱ «ሰ» አይጻፉት።