መልስ፦ በሞተር ጀልባ ላይ ቴፕና የስልክ ቻርጀር ስለ መግጠም

ወንድሜ፣ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በምትመላለስበት ጀልባ ላይ ቴፑንና ቻርጀሩን ከሞተሩ ባትሪ ጋር በቀጥታ ላገናኝ ወይ ብለሃል። እባክህ አታድርገው። ከባትሪው ፖዘቲቭ አንድ ወፍራም ገመድ አውጣና ከስንዝር ሳይርቅ፣ 18 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ፣ ዋና ፊውዝ አስገባበት። ፊውዝ የሌለው ገመድ ተልጦ ከኔጌቲቩ ጋር ቢነካካ፣ ቤንዚን በተጫነበት ጀልባ ውስጥ እሳት ነው፤ ጣና መካከል ደግሞ ወዴት ይሸሻል? ከዚያ ወደ ፊውዝ ሳጥን ወስደህ ለቴፑም፣ ለቻርጀሩም፣ ለመብራቱም የየራሳቸውን ፊውዝ ስጣቸው።

በአብዛኞቹ የመኪና ቴፖች ቢጫው ገመድ ሰዓትና ጣቢያ የሚያስታውሰው፣ ቀዩ የሚያበራው ነው። ቀዩን በማብሪያ ማጥፊያ በኩል አሳልፈው። እኔ ሁለቱን አንድ ላይ ጠምዝዤ፣ ቴፑንም ሳላጠፋው አደርኩ፤ ጠዋት ተሳፋሪ ተቀምጦ፣ ባትሪው አልቆ ሞተሩ ቀጭ ቀጭ ብሎ ዝም አለ።

መጋጠሚያውን በናስትሮ ብቻ ጠቅልለህ አትተወው። ባለፈው ክረምት አንዱን ስፈታ መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ በጣቴ ላይ ረገፈ። ቆርቆሮ የተቀባ የመዳብ ገመድ ካገኘህ ዋጋው ቢወደድም ግዛው። ውኃ የሚያወጣው ፓምፕ ግን በራሱ ፊውዝ አልፎ ባትሪውን ከሌላው ሁሉ ከሚያቋርጠው ዋና ማጥፊያ በፊት፣ በባትሪው በኩል ይያያዝ፤ ሁሉን አጥፍተህ ቤትህ ስትተኛም መሥራት አለበት።